ሃምሳው ሌንስ ቤተሰቡን ለምን አላስገባም?

በዚህ እትም ልናነሳው የፈለግነው የፎቶግራፍ ጉዳይ ነው። “ራሽኑ፣ ውኃው፣ የልጆች ትምህርት እያለ ደግሞ ፎቶ ምን ያደርግልናል?” የምትሉ አትጠፉም። ግን እስቲ በየቤታችሁ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ፍራሽ ሥር የተቀመጠውን አስቡት። ብዙዎቻችን ከአገር ስንወጣ በእጃችን ከነበረው ጥቂት ነገር አንዱ ፎቶ ነው። እኛም ያበላሸነው አንድ ፎቶ አለና ከእሱ እንጀምራለን።

ነገሩ የሆነው በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። እዚህ ካኩማ ለዓመታት አብረውን የኖሩ የአንድ ቤተሰብ ሰዎች ጉዳያቸው አልቆ ወደ ሦስተኛ አገር ሊሄዱ ነው፤ በማግሥቱ ንጋት ላይ አውቶቡስ ይጠብቃቸዋል። ዘጠኝ ናቸው፤ የሚሄዱት ግን ስምንቱ ብቻ። ትልቋ ልጅ ትዳር ይዛ ፋይሏ ስለተለየ እዚሁ ቀሪ ናት። እናትየው ልጅ ልከው “ኑና አንሱን፣ ሁላችንም ያለንበት አንድ ፎቶ ይኑረን” አሉን።

የዝግጅት ክፍላችንን ካሜራ ይዘን ሄድን። ካሜራው ካነን 600ዲ ነው። አብሮት የመጣው ዙም ሌንስ አቧራ ገብቶበት አልዞርም ካለ ቆይቷል፤ ስለዚህ የምንሠራው በ50 ሚሊ ሜትሩ ነበር። ይኼኛው ዙም የማያደርግ፣ ቁጥሩ አንድ ብቻ የሆነ ሌንስ ነው፤ ባለሙያዎች “ፕራይም” ይሉታል። መቅረብም መራቅም የሚቻለው በእግር ነው።

ውጭ ነፋሱ አሸዋ ያነሳል፤ ደግሞም መሽቷል። እቤት ገባን። አባትና እናት ሁለቱን ትንንሾች ይዘው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አምስቱ ከኋላቸው ቆሙ፤ ትልቋ ልጅ በዳር ሆና ክንዷን ወንድሟ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። አንሺያችን ጀርባውን ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ጋር አጣበቀ። ከዚያ ወዲያ መሸሻ የለም፤ ከእሱ እስከ ቆሙት ሰዎች ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። “ተጠጉ! እባካችሁ ተጠጉ!” እያልን ብንለምን አምስቱ አልገባ አሉ። ግራውን ስናስገባ ቀኙ ይወጣል፣ ቀኙን ስናስገባ ግራው ይወጣል። ስድስት ጊዜ አነሳን። ከስድስቱ አንዱም ዘጠኙን አልያዘም። በመጨረሻ የእናትየው ዓይን ያልተጨፈነበትን መርጠን አሳተምን። በእሱ ላይ ትልቋ ልጅ የለችም። ያለችው እጇ ብቻ ነው፣ ወንድሟ ትከሻ ላይ።

ይባስ ብሎ አንዲት የጎረቤት ልጅ ከአንሺያችን አጠገብ ቆማ በስልኳ አንስታ ነበር። ስልኩ ዘጠኙንም ከነአግዳሚው፣ ከነጣሪያው ቆርቆሮ አስገብቷቸዋል። ከጨለማው የተነሳ ፊት አይለይም እንጂ ሰው አልጎደለም። “ይኼን የሚያህል ካሜራ ተሸክማችሁ መጥታችሁ ከስልክ አነሳችሁ?” ተባልን። መልስ አልነበረንም። ቤተሰቡም በንጋት ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነው መቼም ጭቅጭቅ ነው። በመካከላችን በደሴ ከተማ ለብዙ ዓመት ፎቶ ቤት የነበራቸው ጋሼ የምንላቸው አባት አሉ፤ የድሮዋ ያሺካቸው ከ50 ሌንሷ ጋር እስከዛሬ አብራቸው አለች፤ ፊልሙም መዝጊያውም የለም እንጂ በመስኮቷ ማየት ይቻላል። “ሃምሳ ሌንስ ቤተሰብ አያስቸግርም። ሦስት ሜትር ካለኝ አምስት ሰው ትከሻ ለትከሻ አቆማለሁ። ይኼ የእናንተው ፎርጂድ ነው” አሉ። ላይብረሪ ያለውን የድሮ የፎቶግራፍ መጽሐፍ ስንገልጥ እሱም 50 ሚሊ ሜትር “ኖርማል ሌንስ” ነው፣ ሰው አተኩሮ ከሚያየው ጋር ይቀራረባል ይላል። ታዲያ ጋሼም መጽሐፉም ልክ ነበሩ። ሌንሱም ፎርጂድ አልነበረም። ልዩነቱ ጋሼና መጽሐፉ የሚናገሩት ስለ ፊልም ካሜራ መሆኑ ነው።

መጀመሪያ በዓይናችን እናረጋግጥ ብለን ከአንድ ግድግዳ ሦስት ሜትር ለክተን ቆምን። ጋሼ በያሺካዋ እያዩ ዳሩ የሚቆረጥበትን ቦታ በግራም በቀኝም አንድ ልጅ በከሰል ምልክት አደረገ። ከዚያ በእኛው ካሜራ ከዚያው ቦታ ፎቶ አንስተን በስክሪኑ ላይ ዳሩን አየን። በያሺካዋ በሁለቱ ምልክት መካከል 2 ሜትር ገደማ ሆነ፤ በእኛው 1 ሜትር ከ30 ገደማ። ሌንሱ 50 እና 50፣ ርቀቱ አንድ ዓይነት፤ ያም ሆኖ ከመቶ ሠላሳ የሚበልጠው ግድግዳ የት ገባ? ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና “ፊልሟ ላይ ነው ያለው” አሉ። ነገሩን ያገኙት እሳቸው ናቸው።

እንዲህ ነው። ሌንስ ምስሉን የሚሠራው በአራት ማዕዘን አይደለም፤ ክብ ነው። እንደ እንጀራ አስቡት። ሌንሱ አንድ ክብ እንጀራ ይጋግርና ወደ ካሜራው ጀርባ ይጥለዋል። እዚያ የሚጠብቀው በድሮው ካሜራ ፊልም ነው፤ በአሁኑ ደግሞ ሴንሰር የሚባለው ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ ነው። ፊልሙም ሴንሰሩም ከዚያ ክብ እንጀራ መሐል አራት ማዕዘን ቆርጠው ያነሳሉ፤ የተረፈው ዳር ዳሩ ይጣላል። የጋሼ ፊልም 36 ሚሊ ሜትር በ24 የሚሆን ቁራጭ ያነሳል። የእኛ ካሜራ ሴንሰር 22.3 በ14.9 ነው፤ በስፋቱ ሲሰላ ከፊልሙ ግማሽ አይሞላም። እንጀራው ያው ነው፤ የእኛ ቁራጭ ግን ትንሽ ናት። ትልቋ ልጅ የነበረችው ከተጣለው ዳር ላይ ነው።

ከዚያ ያችን ትንሽ ቁራጭ በፎቶ ወረቀት ላይ ስናሳትም ከትልቁ ቁራጭ እኩል ትለጠጣለች። ለዚህ ነው ሰዎቹ ቀረብ ያሉ የሚመስሉት። አልቀረቡም። በአንድ ቦታ እስከቆምን ድረስ የፊትና የኋላ ሰዎች አቀማመጥ፣ የአፍንጫና የጆሮ መጠን በሁለቱም ካሜራ አንድ ነው፤ የጠፋው ዳሩ ብቻ ነው።

ሒሳቡ ከአምስተኛ ክፍል አይበልጥም። የሴንሰሩን ስፋት ለሌንሱ ቁጥር አካፍሉ፤ በቆማችሁበት ርቀት አባዙ። ለጋሼ ፊልም 36 ለ50 ሲካፈል፣ በ3 ሜትር ሲባዛ 2 ሜትር ከ16 ይመጣል፤ አምስት ሰው ማለት ነው። ለእኛ ደግሞ 22.3 ለ50፣ በ3 ሜትር ሲባዛ 1 ሜትር ከ34፤ ሦስት ሰው። (በከሰል የለካነው ከሒሳቡ ትንሽ ያነሰው የያሺካዋ መስኮት ፊልሙ የሚይዘውን በሙሉ ስለማያሳይ ነው፤ ደግሞም ሌንስ ወደ ቅርብ ነገር ሲተኩር እይታው በጥቂቱ ይጠብባል።) የጋሼን ያህል ለማስገባት ወደ ኋላ 4 ሜትር ከ84 መሄድ ነበረብን። ሁለት ሜትር ያህል ጎደለን፤ ከኋላችን የነበረው ደግሞ ግድግዳ ነው።

ይኼ 36 በ24 የሚባለው ልክ ከየት መጣ ብላችሁ እንደሆነ፣ ኦስካር ባርናክ የሚባል ጀርመናዊ በላይትዝ ፋብሪካ ሲሠራ ለሲኒማ የተዘጋጀውን ፊልም በአንዲት ትንሽ ካሜራ ውስጥ በአግድም አስገባው። የሲኒማው አንዱ ምስል 18 በ24 ነበር፤ እሱ እጥፍ አድርጎ 24 በ36 አደረገው። ላይካ የተባለችው ያቺ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1925 ገበያ ወጣች፤ ሌላውም ፋብሪካ ተከተለ። ስለዚህ “ሃምሳ እንዲህ ያያል” የሚለው የፎቶ ቤቶች ልማድ ሁሉ በዚያ ልክ የተቀዳ ነው።

ዲጂታል ሲመጣ ልኩ ተለወጠ፤ ምክንያቱም ዋጋ ነው። ሴንሰር የሚቆረጠው ከክብ የሲሊኮን ሰሌዳ ነው። ትልቅ ትልቁ ሲቆረጥ የሚወጣው ቁጥር ያንሳል፤ በሰሌዳው ላይ አንዲት እንከን ብትኖር የምታበላሸው ትልቁን ቁራጭ ሙሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ኒኮን ዲ1 ሴንሰሩ ከፊልም ያነሰ ነበር። ካነን የፊልሙን ልክ የያዘውን 1ዲኤስ በ2002 ሲያወጣ ዋጋው 8 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ የወጣው ትንሽ ሴንሰር ያለው 300ዲ ግን ከ1 ሺህ ዶላር በታች ተሸጠ። ሕዝቡ የቱን እንደገዛ መገመት አያስቸግርም። ለእኛ ዓይነቱ ሰው በስጦታም ሆነ በሁለተኛ እጅ የሚደርሰው ካሜራ በአብዛኛው ይኼው ትንሹ ነው።

ሱቅ ውስጥ ወይም ከውጭ ከሚደውሉ ዘመዶች “ሃምሳው በእናንተ ካሜራ ላይ ሰማንያ ይሆናል” ሲባል ትሰማላችሁ። አባባሉ መንገድ ያሳያል እንጂ ልክ አይደለም። 36ን ለ22.3 ብናካፍል 1.6 ይመጣል፤ 50 በ1.6 ሲባዛ 80 ነው። እውነቱ ግን ሌንሱ ያው ሃምሳ ነው፤ የሚገባው እይታ ብቻ በፊልም ካሜራ ላይ 80 ሌንስ ከሚያየው ጋር ይተካከላል። ሌንሱ ላይ 1.8 የተባለው የብርሃን መጠንም አይለወጥም። የኒኮን፣ የሶኒና የፉጂ ትንንሽ ሴንሰሮች ማባዣቸው 1.5 ነው፤ ኦሊምፐስና ፓናሶኒክ የተጠቀሙበት ደግሞ 2።

እዚህ ላይ “ታዲያ የስልኳስ? የስልክ ሴንሰር ከሁሉም ያነሰ አይደል?” የሚል አንባቢ ካለ ብልህ አንባቢ ነው። እኛም ለብዙ ቀን የተያዝነው በእሱ ነበር። መልሱ ሒሳቡ ውስጥ አለ፤ አካፋዩም ተካፋዩም ይቆጠራሉ። የስልክ ሴንሰር ጥፍር ቢያክልም ሌንሱም በዚያው ልክ አጭር ነው። ለምሳሌ ስፋቱ 5.6 ሚሊ ሜትር የሆነ ሴንሰርና 4.2 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ስልክ ብንወስድ፣ 5.6 ለ4.2 ሲካፈል፣ በ3 ሜትር ሲባዛ 4 ሜትር ይሆናል። ቤቱን ሙሉ ያስገባል። ትንሽ ሴንሰር ብቻውን እይታ አያጠብም፤ የሚያጠበው ለትልቅ ፊልም ልክ የተለመደውን ሌንስ በትንሽ ሴንሰር ፊት ስታስቀምጡት ነው። ስልኩ የከፈለው ዋጋ ሌላ ነው፤ በዚያች ጥፍር ላይ የሚያርፈው ብርሃን ጥቂት በመሆኑ መሸት ሲል ምስሉ ይጨልማል፣ ነጠብጣብ ይሞላዋል። በዚያ ምሽት ፊት ያልለየው ለዚህ ነው።

ሃምሳውን ግን አንጣለው። ለአንድ ሰው ፎቶ፣ ለጉርድ ፎቶግራፍ በተለይ፣ በዚህ ካሜራ ላይ ከእሱ የተሻለ የለንም። ፊትን ለመሙላት ራቅ ብሎ መቆም ያስገድዳል፤ ራቅ ሲባል ደግሞ አፍንጫ አያብጥም። በስልክ በቅርብ የተነሳ ጉርድ ከራሱ ባለቤት ጋር የማይመሳሰለው በዚህ የተነሳ ነው፤ የስልኩ ጥፋት ሳይሆን የቅርበቱ ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ትንሿ ቁራጭ ስለምትለጠጥ የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል፤ ስለዚህ በሃምሳው ስንሠራ ፍጥነቱን ከሰማንያኛ ሴኮንድ አናወርድም።

ስለ ግዢ አንድ ነገር እንበል፤ ምክንያቱም የአንዳንድ ቤተሰብ ገንዘብ ሲባክን አይተናል። በገልፍ አገሮች ወይም በአውሮፓ ያለ ዘመድ ካሜራ ያለውን ወንድሙን “ምን ሌንስ ልላክልህ?” ሲለው፣ ወንድምየው በልማድ “ሃምሳ” ይላል። ርካሽ ነው፣ ስሙም የታወቀ ነው። ሠርግና ክርስትና አንስቶ ጥቂት ሊያገኝ ያሰበ ሰው ሌንሱ ሲደርሰው ግን በእኛ ቤቶች ውስጥ ሙሽራውንና ሚዜውን ብቻ ይዞ ይቀራል። መጀመሪያ የካሜራችሁን ሴንሰር ልክ እወቁ፤ የካሜራው ስም ከታወቀ ይገኛል። እንደኛው ዓይነት ከሆነ ለቤት ውስጥ 24 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሻላል፤ 22.3 ለ24፣ በ3 ሜትር ሲባዛ 2 ሜትር ከ79 ነው፤ አምስቱም ተመችቷቸው ይቆማሉ። ካነን ለትንሹ ሴንሰር ብቻ የሠራው ኢኤፍ-ኤስ የሚባል 24 አለ፤ ቀጭንና ቀላል ነው፤ ነገር ግን ትልቅ ሴንሰር ያለው ካሜራ ላይ አይገጥምም። ካሜራችሁ ትልቁ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ጋሼ እንዳሉት ነው፤ ሃምሳውም ይበቃችኋል።

በሰፊ ሌንስ ሰው ስታነሱ ዳር የቆመው ወደ ጎን ይለጠጣል። ወፈር ያለ ሰው ዳር ካቆማችሁ በኋላ ለሚመጣው ቅሬታ እኛን አትጥሩን።

ወደዚያ ፎቶ እንመለስ። ስድስቱም ሚሞሪ ካርዱ ላይ ነበሩ። ጋሼ የእንጀራውን ነገር ከተረዱ በኋላ “ታዲያ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ቢሰፋ የእኔን ፊልም አያክልም?” አሉ። እውነት ነው፤ አንሺያችን ከግድግዳው ሳይነቃነቅ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ዞሮ ነበር ያነሳው። በአንዱ ግራው አለ፣ በሌላው ቀኙ፤ መሐሉ በሁለቱም አለ። ኮምፒውተር የሚያስተምር አንድ ወንድማችን ሁለት ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ገጠማቸው። ካሜራው ስለዞረ የግድግዳው ቆርቆሮ መስመር በአንድ ቦታ አይገናኝም፤ ስፌቱ ያረፈው ደግሞ ወንድምየው ክርን ላይ ነው። ቢሆንም ያ ብቻውን የነበረው እጅ ከባለቤቱ ጋር ተገናኘ። ዘጠኝ ሰው ቆጠርን፤ ደግመን ቆጠርን። አንዱን አሳትመን ለትልቋ ልጅ ሰጠናት፤ ለቤተሰቡ በስልክ ላከችላቸው። እናትየው ደውለው መጀመሪያ የጠየቁት “የልጄ ክርን ምን ሆኖ ነው?” ብለው ነው አሉ።

አሁን ሁለት ሌንስ አለን፤ በ2016 ዓ.ም. ከዚህ የሄደ አንድ ወንድም 24ቱን ልኮልናል። በቢሯችን በር ጀርባ ሰባት ሜትር ገመድ ተሰቅሏል። ቀይ ክር የታሰረበት ለሃምሳው ነው፦ 4 ሜትር ተኩል ላይ ያለው ቋጠሮ ሁለት ሜትር ስፋት ላለው ቡድን፣ 6 ሜትር ከ70 ላይ ያለው ለሦስት ሜትር። ነጭ ክር ያለው ለ24ቱ ነው፦ 2 ሜትር ከ15 እና 3 ሜትር ከ25። ፎቶ የምትፈልጉ ቤተሰቦች ሰው ከመላካችሁ በፊት ስንት እንደሆናችሁና ቤቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስንት እርምጃ እንደሆነ ንገሩን፤ ጉዞ ያላችሁ ደግሞ የመጨረሻውን ምሽት አትጠብቁ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጥሩን።